በጨው ቡና የታጠበው ፊልም

ንጋት፣ አዳማ መናኸሪያ

ጎህ ሳይቀድ ሚኒባሱ ውስጥ ገብቻለሁ። ጭኔ ላይ ያለው ፌስታል ቫይታሚን ሲ፣ ቢካርቦኔትና የፊልም ማጠቢያ ጣሳ ይዟል። ሹፌሩ በመስታወት ሰረቅ አድርጎ አየኝ።

“ጉንፋን ነው ወይስ ሆድሽን?”

“ፎቶ ላጥብ ነው።”

“በመድኃኒት?” ሳቀብኝ። አልፈርድበትም። የፊልም ኬሚካል ከአዳማም ከአዲስ አበባም ፈልጌ አጣሁ፤ ፎቶ ቤቱ ሁሉ ዲጂታል ሆኗል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል።

ኢተያ

ብርዱ ጀምሯል። ስንዴው ከመንገዱ ግራና ቀኝ እስከ ኮረብታው ድረስ ቢጫ ነው። ሰው ሲወርድ ትኩስ ዳቦ ገዛሁ።

አሰላ የሚጠብቁኝ የአባቴ እህት፣ አዳዳ ሐዋ ናቸው። ባላቸው ጋሽ ከማል ፎቶ አንሺ ነበሩ። የከተማውን ሙሽራ ሁሉ ሲያነሱ ኖረው የራሳቸውን አንድ ፎቶ ሳይተዉ በወጣትነታቸው ሞቱ። ካሜራቸው ውስጥ ግን ያልታጠበ ፊልም ቀርቷል፤ ከዚያ ላይ አንዷን ያነሱት አዳዳ ናቸው፣ ጋሽ ከማልን። ካበላሸሁት ሌላ የለም። ዳቦውን ጠቅልዬ ፌስታሉን አቀፍኩ።

አሰላ፣ ከሰዓት

አዳዳ በር ላይ ጉንጬን እያገላበጡ ሳሙኝ። “ወላሂ ከስተሻል! ኮቱ፣ ነይ ግቢ።”

ነገሩን አስረዳኋቸው። ምስሉን የሚያወጣው ቡናው ነው፤ ሶዳውና ቫይታሚኑ ያግዙታል፤ በመጨረሻ ምስሉ እንዲጸና ፊልሙ ጨው የጠገበ ውሃ ውስጥ ያድራል።

“ከማል ይህን ቢያይ ካሜራውን ይደብቅብሽ ነበር” አሉ።

እኔ ቢካርቦኔቱን ጠንካራ ሶዳ እንዲሆን ድስት ላይ ሳምስ፣ እሳቸው ቡናውን እንደ ሬት አጠንክረው አፈሉት። ቁምሳጥን ውስጥ ተቀምጬ፣ ብርሃን እንዳይገባ በብርድ ልብስ ሸፍነውኝ፣ ፊልሙን በዳበሳ ጣሳው ውስጥ ከተትኩ። የቀዘቀዘውን ቡና ቀላቅዬ ጨመርኩበት። ከጀበናው የተረፈውን ስቀምስ ክው አልኩ።

“አዳዳ! ጨው አለው እንዴ?”

“ታዲያ! ለእንግዳ ያለ ጨው ይፈላል እንዴ?”

እውነታቸውን ነው፤ በእሳቸው ቤት ጨው የሌለው ቡና ስድብ ነው። ለፊልሙ ግን ጨው መግባት የነበረበት በመጨረሻ ነበር። ላልቅስ ወይስ ልሳቅ? የፈሰሰ አይታፈስም። ጣሳውን መነቅነቄን ቀጠልኩ።

ማግስቱ ጠዋት

በጨው ውሃ ያደረውን ፊልም ከፍቼ ሳየው አብዛኛው ተበላሽቷል። ጫፉ ላይ ግን አንድ ሰው ቆሟል፣ ጥርት ብሎ። ማጠቢያው ውስጥ የገባ ትንሽ ጨው የቆየ ፊልምን እንደ ጭጋግ ከመደብዘዝ እንደሚጠብቅ የሰማሁት በኋላ ነው። አዳዳን አቅፌ ጨፈርኩ።

እሳቸው ግን አልጨፈሩም። ፊልሙን በአንድ እጃቸው ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱት።

“ፀጉሩ ነጭ ነው” አሉ ቀስ ብለው።

“ፊልም ላይ ጥቁሩ ነው ነጭ ሆኖ የሚታየው አዳዳ። በስልኬ ልገልብጥልዎ?”

“ተይው።” በሌላ እጃቸው ከሻሻቸው ስር የወጣውን ሽበት ነካ አደረጉ። “እንዲሁ ይሁን። ብቻዬን ያረጀሁ መስሎኝ ነበር።”