እርሳስ ይጽፋል?

እርሳስ በቀረጽሁ ቁጥር አፍንጫዬን የሚመታኝ የእንጨቱ ሽታ ሳይሆን የባሩድ ሽታ ነው። ዛሬ ጠዋትም፣ ማራኪ ሰፈር ከተከራየኋት ክፍሌ ተቀምጬ ለተማሪዎቼ ሥዕል ላዘጋጅ ምላጩን ሳሳርፍበት፣ አባቴ ከነጠመንጃው ድቅን አለብኝ።

ያደግሁት አይከል ከተማ አጠገብ ካለች መንደር ነው። አራተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን እርሳሱን ከፍ አድርጎ፣ "ይህ ውስጡ ያለው ጥቁር ነገር እርሳስ አይደለም፤ የከሰል ዘመድ ነው" አለን። ድሮ ሰዎች በእውነተኛው እርሳስ፣ ጥይት ውስጥ በሚገባው ብረት፣ መስመር ያሰምሩ ነበር፤ ብረቱ ቀርቶ ስሙ ተረፈ አለ። እኔ ደግሞ ካላየሁ የማላምን ደረቅ ልጅ ነበርሁ። ብረት እንዴት ይጽፋል?

አባቴ ገበያ በሄደበት ቀን ከዝናሩ ከመጀመሪያዋ ኪስ አንዲት ጥይት አወጣሁ። ጫፏን በጉጠት ይዤ እያወዛወዝሁ ነቀልሁት፤ ባሩዱ የምድጃው አመድ ላይ ፈሰሰ። ከመዳቡ ሥር ግራጫው እርሳስ ይታያል። ደብተሬ ላይ ጫን አድርጌ የአባቴን ስም ጻፍሁ። ጻፈ! ብቻዬን እየዘለልሁ ሳቅሁ። ከዚያ ዱላው ታወሰኝና ጫፏን መልሼ ሰካሁ፤ በጧፍ ሰም አጣብቄም ከቦታዋ መለስኋት።

ሳምንት አልሞላም፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም ሲያርስ ወሰናችንን ገፋ። በርስት ቀልድ የለም፤ ለወንድምም ቢሆን። አባቴ ጠመንጃውን አንስቶ ሲወጣ እኔና እናቴ እየጮህን ተከተልነው። ማሳው መሐል አነጣጠረበት። አጎቴ እርፉን ለቆ፣ "አያ! ምነው? በእኔ ላይ?" አለ። አባቴ ሳበ።

ጥይቷ ጠሽ ብላ ቀረች። ሌላ ሳያጎርስ አጎቴ ለእርሻው ይዞት የመጣውን መጥረቢያ አንስቶ ደረሰበትና በጀርባው ቀኝ ክንዱን ሰበረው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ሊደግመው ሲያነሳ እናቴ ነጠላዋን መሐላቸው ጥላ ተደፋች፤ መጥረቢያው አየር ላይ ቆመ። የአባቴ ደም ትኩስ ትልም ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ሽማግሌ ገብቶ አስታረቃቸው። አጎቴ ታቦቱ እንዳተረፈው ያምናል፤ ስለቱን ዛሬም በየዓመቱ ያገባል። አባቴ ግን የከሸፈችውን ጥይት ቀለህ ሲያገላብጥ አንገቷ ላይ ሰም አገኘና ጠራኝ። ክንዱ በሸንበቆ ታስሮ ነበር።

"ምን አደረግሻት?"

"መምህሩ እርሳስ ይጽፋል ቢለን..."

ዱላውን ጠበቅሁ።

"ጻፈልሽ?"

"አዎ፣ አባዬ።"

"ወንድሜን ልገድል ነበር" አለና አለቀሰ። ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ክንዱ አልተቃናም። አባቴ እስኪሞት ድረስ ማሳችንን ያረሰልን አጎቴ ነው። ክንዱን ያሰበርሁት እኔ ነኝ፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስሙን የጻፍሁበትን ገጽ ግን አልጣልሁትም። አባቴ ስሙን ተጽፎ አይቶ አያውቅም ነበር። ምን እንደጻፍሁ አልጠየቀኝም፤ እኔም ገጹን ሳላሳየው ሞተና ቀበርነው።