ምንም አልጎደላቸውም የሚሉ አምስት ደብዳቤዎች

ጠበቃዋ አምስቱንም ደብዳቤ አንብባ ስትጨርስ ደራርባ ወደ እናቴ ገፋ አደረገቻቸው። ያኔ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። በሁለቱ መሀል ተቀምጬ የማስተረጉመው እኔ ነኝ።

«ደብዳቤዎቹ ቆንጆ ናቸው በያት» አለች ጠበቃዋ። «ግን እነዚህን ካስገባን ባሏን ያስቀሩባታል።»

እናቴ ሳቅ አለች። ጠበቃዋ የቀለደች መስሏት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ የአሜሪካ ዜግነት አላት። አባቴ ግን በሜክሲኮ በኩል ያለ ወረቀት ነው የገባው። ወረቀቱ እንዲስተካከል አዲስ አበባ ሄዶ ኤምባሲ መቅረብ አለበት፤ ከዚህ አገር እግሩን ባወጣ ቀን ደግሞ ሕጉ ዐሥር ዓመት በሩን ይዘጋበታል። ይሄንን የሚያስቀርለት ዌቨር የሚሉት ምሕረት ብቻ ነው። እሱም የሚሰጠው አባቴ ቢቀር እናቴ ከናፍቆት ያለፈ ከባድ ችግር ላይ እንደምትወድቅ በማስረጃ ካሳየን ነው። የእኔስ ችግር ብዬ ጠይቄ ነበር። ለብቻው አይቆጠርም፣ የሚቆጠረው እናትሽን በጎዳ መጠን ነው አለችኝ ጠበቃዋ። ያንን ለእናቴ አልተረጎምኩላትም።

ሶ፣ ከሚያውቋችሁ ሰዎች ደብዳቤ አምጡ ስንባል እናቴ በአንድ ሳምንት አምስት ሰበሰበች። ሁሉም ስለ እኛ ክፉ ላለማውራት ተጠንቅቀው ነው የጻፉት። አንድ የመስጊድ ሽማግሌ «ጠንካራ እህታችን ናት፣ የሰው እጅ አይታ አታውቅም» ብለዋል። ዳላስ አጠገብ ዋይሊ የሚኖሩት፣ እናቴን እንደ ልጃቸው የሚያዩዋት እማማ ደግሞ «አልሐምዱሊላህ ምንም አልጎደላቸውም» ይላሉ። «እሷማ ንግሥት ናት። መሪ እንኳ አትነካም፤ የትም ብትሄድ ባሏ ነው የሚያደርሳት።»

ጠበቃዋ ጣቷን እዚያ መስመር ላይ አሳረፈች። «ለምንድን ነው የማትነዳው?»

ተረጎምኩ። እናቴ ጫማዋን አየች። «መንዳት አልወድም በያት።»

ውሸት መሆኑን እያወቅኩ ተረጎምኩ።

እናቴ የሚጥል በሽታ አለባት። የምናውቀው አባቴ፣ እኔና ሐኪሟ ነን። ሐኪሙም ቢሆን ግማሹን ነው የሚያውቀው። በየቀጠሮው «ካለፈው ወዲህ ጥሎሽ ያውቃል?» ሲላት «አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ» ትላለች፣ እሱም ያንኑ ይጽፋል። ፋይሏን ያነበበ ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ አንዴም አልጣላት ይላል።

አባቴ ፓርኪንግ ላይ መኪናው ውስጥ እየጠበቀን ነበር።

«ምን አለች?»

«ደብዳቤዎቹ አይሆኑም። የእማዬን ሕመም መጻፍ አለብን» አልኩት።

እናቴ ቀበቶዋን አሰረች። «እኔ በሽታዬን ለመንግሥት አልናገርም።»

«መንግሥት ለማን ይነግርብሻል?» አለ አባቴ።

«መንግሥትማ ለማንም አይነግርም። ደብዳቤ የሚጽፉልን ሰዎች ግን ይሰማሉ። እነሱ ሰሙ ማለት ዳላስ ሰማ ማለት ነው።»

«ይስሙዋ።»

«አንተ ምን አለብህ። ነገ ይቺን ልጅ ‹የዚያች የሚጥላት ሴትዮ ልጅ› ሲሏት ማን ነው በሬን አንኳኩቶ የሚጠይቃት?»

«እማ፣ እኔ ገና ኬሚስትሪ አላለፍኩም» አልኩ ከኋላ። «ስለ ባል ነው የምናወራው?»

አባቴ ሊስቅ ነበር፣ የእናቴን ፊት አይቶ ተወው።  ቀይ መብራት ላይ ቆመን «አብሽሪ» አላት። 

ጠበቃዋ አዲሱን ማስረጃ በሦስት ሳምንት ውስጥ ነበር የምትፈልገው። የእናቴን ቃል የምጽፈው እኔ ነኝ። በዚያ ዓመት ነው መጻፍ እንደምችል ያወቅኩት። የእንግሊዝኛ አስተማሪዬ አንድ ድርሰቴ ጠርዝ ላይ «እዚያ የነበርኩ መሰለኝ» ብላ ጽፋልኝ፣ ከዚያ ወዲያ ያየሁትን ሁሉ ካልጻፍኩ እጄን ይበላኛል። በአማርኛም፣ በእንግሊዝኛም። ደስታዬን ለማንም አልነገርኩም እንጂ ወረቀቷን አጥፌ ስልኬ ጀርባ ላይ ይዣት እዞር ነበር።

የእናቴ ቃል ግን አልሄድ አለኝ። «በጣም እቸገራለሁ፣ እጅግ አዝናለሁ፣ ከመጠን በላይ እጨነቃለሁ።» ሦስቴ ጽፌ ሦስቴ ቀደድኩት። እኔ ራሴ ያላመንኩትን ማን ያምናል? በአራተኛው እናቴን መስዬ መጻፌን ትቼ እኔ ያየሁትን አንድ ቅዳሜ ብቻ ጻፍኩ። አባቴ ያን ቀን ሂዩስተን ለቅሶ ሄዶ ነበር።

እናቴ ልብስ ስታጣጥፍ አጠገቧ ተቀምጬ አነበብኩላት።

«ምድጃው ላይ ዘይት ተጥዶ ነበር። ማንኪያው ከእጇ ሲወድቅ ሰምቼ ዞርኩ። ዓይኗ ክፍት ነው፣ እኔን ግን አያይም። ወደ ምድጃው ስታዘነብል ቀሚሷን ይዤ ጎተትኳትና አብረን ወደቅን። በጎኗ አስተኛኋት። ሹራቤን ከራሷ ሥር አደረግኩ። በስልኬ ሰዓት ያዝኩ። አራት ደቂቃ ከዐሥር ሰከንድ። ከንፈሯ ጠቆረ። ስትነቃ ማን እንደሆንኩ አላወቀችኝም። ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር።»

እናቴ የአባቴን ሸሚዝ እንደያዘች ቀረች።

«ይሄ እኔ ነኝ?»

«አዎ።»

«ትንሽ አዙሮሽ ነው ብለሽኝ ነበር እኮ።»

«እንዳትፈሪ ብዬ ነው።»

እስከዚያ ቀን አስቤው አላውቅም። አባቴና እኔ ስንት ጊዜ ሲጥላት አይተናል፤ እሷ ግን አይታው አታውቅም። ለእሷ በሽታው ማለት ወለል ላይ መንቃት ነው።

«አራት ደቂቃ ብቻሽን?» አለች።

«ከዐሥር ሰከንድ።»

ሸሚዙን አጣጠፈች፣ ፈታችው፣ እንደገና አጣጠፈችው። በመጨረሻ «ዘይት ብቻ አይደለም» አለችኝ። «ሳምቡሳ ነበር የምጠብሰው። አስተካክይው፣ ውሸት እንዳይመስላቸው።»

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙ የተለመደውን ሲጠይቃት «ዘጠኝ ጊዜ በይው» አለችኝ። ሐኪሙ ከኮምፒውተሩ ቀና አለ። እናቴ ቀጠለች፦ «አላህን ማመስገኔ ነበር እንጂ አልዋሸሁም በይው።» ይሄንን ለመተርጎም ትንሽ ፈጀብኝ።

የቀሩት እማማ ነበሩ። እናቴ እኔ ራሴ ነኝ የምነግራቸው አለች። ዋይሊ ሄደን ሳሎናቸው ተቀመጥን።

«እማማ፣ ደብዳቤውን ደግመው እንዲጽፉልኝ ነው የመጣሁት።»

«ምነው፣ አነሰ?»

«በዛ» አለች እናቴ፣ ከዚያ ነገረቻቸው። ሻሿን ሦስት ጊዜ ስታስተካክል ቆጥሬያለሁ።

እማማ እኔን ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ልጅቷስ? አለባት?»

እናቴ ስትሸሸው የኖረችው ይሄንን ጥያቄ ነው። እጄን ያዘችኝ። «የለባትም። ቢኖርባትም ልጄ ናት።»

እማማ መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ። «ወረቀት አምጪ» አሉኝ። በረመዳን፣ በማፍጠሪያ ሰዓት፣ እናቴን ጓዳቸው ውስጥ ወድቃ እንዳገኟት ጻፉ፤ ጾሙ ነው ስላለቻቸው አምነዋት ኖረዋል። ግን መጨረሻው ላይ «አልሐምዱሊላህ ምንም አልጎደላቸውም» ብለው አሳረጉት።

«እማማ፣ የመጨረሻዋ መስመር ብትወጣ» አልኳቸው።

«አላህን አላመስግን?»

«ያመስግኑ፣ ግን በሌላ ወረቀት።»

«ይቺ ልጅሽ አሜሪካ አበላሽታታለች» አሏት እናቴን፣ መስመሯን እየሰረዙ።

መልሱን ሁለት ዓመት ጠበቅን። የፖስታ ሳጥኑን የሚከፍተው አባቴ ነው፤ ባዶ እጁን ሲመለስ ምንም እንዳልጠበቀ ሰው ስለ አየሩ ያወራል። ወሬውም እናቴ እንዳለችው ዞረ። ዒድ ላይ አንዲት ሴት ሕፃኗን ከእናቴ ጭን ላይ ብድግ አደረገች። እናቴ አየች፣ ቀሚሷ ላይ የቀረውን የብስኩት ፍርፋሪ አራገፈች፣ ከጎኗ ካለችው ጋር ጨዋታዋን ቀጠለች። እኔ ነኝ ሽንት ቤት ገብቼ ያለቀስኩት።

ባለፈው ወር ደብዳቤው መጣ። ተፈቅዷል። የማንበብ ችሎታዬን ስላላመንኩ ሦስቴ አነበብኩት፣ ከዚያ ለጠበቃዋ ኮል አድርጌ አስነበብኳት። አባቴ ምንጣፉ ላይ ተደፍቶ ቶሎ አልተነሳም። የኤምባሲው ቃለ መጠይቅ ግን ገና ነው። ማክሰኞ ይበራል፤ ፓስፖርቱ ላይ ቪዛው እስኪመታ ድረስ እንቅልፍ የሚወስደን አይመስለኝም።

እሑድ ዕለት እማማ ሻንጣቸውንና የራሳቸውን ብርድ ልብስ ይዘው መጡ። እሱ እስኪመለስ እዚህ ነኝ አሉ፤ ማንም አልጠየቃቸውም።

«እስቲ አሳዪኝ» አሉኝ። ሳሎኑ ወለል ላይ ተጋደምኩና በጎኔ አገላብጠውኝ ተለማመዱ። ጉልበታቸው እየተንቋቋ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ። አፏ ውስጥ ምንም አይደረግም፣ አትያዝም፣ ሰዓት ይያዛል አልኳቸው።

«ክብሪቱን የት ነው የምታስቀምጡት?»

«የምን ክብሪት?»

«ተጭሮ የምታሸተው ነዋ።»

«ክብሪት የለም እማማ። አይጠቅምም፣ ሊያቃጥላት ይችላል።»

ዶክተር ነሽ እንዴ በሚል ዓይን አዩኝ። ከዚያ ቦርሳቸውን ከፍተው ይዘው የመጡትን ፓኮ አወጡና መዳፌ ላይ አስቀመጡት። እናቴ ሶፋው ላይ ሆና ሁለታችንን ታየናለች።

«በይ ደግመሽ ተኚ» አሉኝ። «አሁን ሰዓቱን እኔ ነኝ የምይዘው።»