የጠቅላይ የውሃ በር

ጎረቤቴን ሰፈሩ «ጠቅላይ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ ብዬ ብፎክርም የሚያምነኝ የለም። ማንም ሳይሾማት ሁሉን ታዛለች፤ የጎረቤት አጥር ሲዘምም ትቆጣለች፣ የኔን የባቄላ አዘራር እንኳ ሳትጠየቅ ታርማለች። እናትና አባቷ ሲሞቱባት ገና ልጅ ነበረች። ታናሽ ወንድሟን ሽንኩርት እያመረተች አሳደገችው፣ አስተማረችው። እሱም ለወግ ለማዕረግ በቅቶ የመንግሥት የመስኖ ተቆጣጣሪ ሆነ።

የቦያችን ደንብ አጭር ነው። ውሃ በተራ ነው። ያለ ተራው ውሃ ያስገባ፣ ወይም ሲገባ አይቶ ያልዘጋ፣ የማሳው በር እስከ ምርት ወቅቱ ማብቂያ ይቆለፋል። በር የምንለው ቦዩን ከማሳው የሚለየውን፣ ወደ ላይ የሚነሳውን የብረት መዝጊያ ነው።

ያን ቀን ተራው የኔ ነበር። ውሃው ግን የሕፃን ሽንት አክሎ መጣ። ደሜ ፈላ። ቦዩን ተከትዬ ሽቅብ ብወጣ፣ የጠቅላይ በር ሥር ድንጋይ ተወትፎ ውሃዬ ሽንኩርቷ መሃል ይንቦጫረቃል። እሷ በአካባቢው የለችም። ድንጋዩን ነቅዬ በሩን ዘጋሁና፣ ድንጋዩን እንደያዝኩ መስኖ ቢሮ ገባሁ።

ወንድሟ ድንጋዩን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«የኔ ጥፋት ነው» አለ። «ጠዋት ደለል ስጠርግ በሩን በሱ ደግፌው ረሳሁት።»

የቢሮው ኃላፊ እፎይ አለ። «እንግዲያማ እሷ ምን አጠፋች? አንተን እናስጠነቅቃለን፣ ለሰውየው ተራው ይካካስለታል፣ አለቀ።»

እውነቱን ለመናገር እኔም ልቤ ራርቶ ነበር። ሽንኩርቷ ገና ራስ መያዙ ነው፤ አሁን ውሃ ከተቋረጠበት ልፋቷ ሁሉ መና ይቀራል። ልወጣ ስል ወሬው ደርሷት ኖሮ ጠቅላይ ጭቃ የለበሰ ቦት ጫማዋን እንዳደረገች ከተፍ አለች።

«ድንጋዩን የረሳው እሱ ነው» አለች። «ውሃው ሲገባ ያየሁት ግን እኔ ነኝ። ሽንኩርቴ ሲጠጣ ደስ አለኝና እንዳላየ ሆኜ ሄድኩ።»

«እታለም፣ ተይ እንጂ!» አለ ወንድሟ።

«ምኑን ነው የምተወው? ነገ የሌላውን በር ስትቆልፍ በምን ዓይንህ ልታየው ነው?»

ኃላፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ስንት ዓመት አጥር ለአጥር ስንጨቃጨቅ፣ ይህቺ ሴት ይህን ያህል ትልቅ ሰው መሆኗን አላውቅም ነበር። ኮፍያዬን አወለቅኩ። ለምን እንዳወለቅኩት አሁንም አላውቅም።

በሩን ሊቆልፍ የሄደው ራሱ ወንድሟ ነው፤ ሥራው ነዋ። ሰንሰለቱ አልገባ አለው። ጠቅላይ ቦዩ ውስጥ ገብታ መዝጊያውን በእግሯ ረግጣ ያዘችለት።

«ወደ ግራ ሳበው እንጂ! ይሄንንም እኔ ላስተምርህ?»

ልስቅ ብዬ እንባዬ ቀደመኝ። ቁልፉ ቀጭ አለ። ወንድሟ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም፤ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ መሬት መሬት ያያል። እሷ ውሃ ውስጥ እንደቆመች ሽንኩርቷን ዞር ብላ አየችና፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለችው፦

«ቁልፉን ዛሬውኑ ቢሮ አስረክብ፤ አንተ ዘንድ እንዳይውል። ሽንኩርቱ መጠውለግ ሲጀምር መጥቼ እለምንሃለሁ። ራሴን አውቃለሁ።»