በበሩ ላይ የነበረው ስም

ሙላቱ መኪና አጣቢ ሆኖ ውሃ የሚጠላ ሰው ነበር። ቢያስቅም እውነት ነው። ከአሰላ ወደ ጅጅጋ ያመጣው የመንገድ ሥራ ነው፤ መንገዱ ሲያልቅ ድርጅቱ ዕቃውን ጭኖ ሄደ፣ እሱ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በአህያ ጋሪ የሚመጣ ውሃ እየገዛ የሰው መኪና ሲያጥብ የእግሩ ጣቶች መሐል ተላጠ፣ ወገቡም አልታዘዝ አለው። በዚያ ላይ የጅጅጋ ንፋስ የሰው ልፋት አያውቅም። ያጠበው መኪና ገና አስፋልት ሳይደርስ አቧራ ይለብሳል፤ ባለመኪናው ደግሞ ዞሮ የሚቆጣው ንፋሱን ሳይሆን ሙላቱን ነው።

ስለዚህ በ2006 ዓ.ም. ፖሊሽ፣ ማለትም የመኪና ቀለም አሽቶ ማሳመር፣ ለመሥራት ቆረጠ። ፖሊሽ ጥላ ሥር ተቁሞ የሚሠራ ሥራ ነው፤ የሚሠራውም ባለሙያ ተብሎ ይጠራል። ድሬዳዋ ያለ ደበሌ የሚባል ቀለም ቀቢ አንድ ከሰዓት አሳየው። አቧራውን አጥበህ ጨርስ፣ ጭረት የሚያለሰልሰውን ፓስታ በክብ በክብ እሸው፣ ፀሐይ ላይ እንዳትሠራ፣ ሰሙን ስስ አድርገህ ቀብተህ ሲደርቅ ወልውለው፣ አለቀ። ሙላቱ ያየውን ሁሉ የቻለ መሰለው። ሚስቱ እናትአለም ግን «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ብላ ተረተችበት። ሳቀ፤ በሆዱ ግን ቆጭቶት ነበር።

የመጀመሪያውን ሥራ የሰጡት ዐምራን የሚባሉ የሰፈሩ ሴትዮ ናቸው። ባለቤታቸው ዋርሳሜ ጥቁር ሰማያዊ ሎንግ ቤዝ መኪና አላቸው፤ በእሷ ወደ ሸደር ሰው ያመላልሳሉ። ሙላቱ መኪናዋን ለዓመታት ሲያጥብ ስለኖረ፣ እንደ ሶማሌ ልማድ ሰውየውን አዴር፣ ሴትዮዋን ኤዶ ይላቸዋል፤ አጎቴ፣ አክስቴ እንደማለት ነው። ያን ሰሞን ዋርሳሜ በዘመድ መኪና ለለቅሶ ደምበል ሄደው ነበር። ዐምራን ሙላቱን ግቢ አስገብተው በቀጥታ ወደ ሹፌሩ በር ወሰዱት።

«ሁሉንም አሳምርልኝ» አሉት። «ይሄንን ግን አጥፋልኝ።»

ከእጀታው ሥር ሦስት ፊደል ተጭሯል። ዩኒስ ይላል። ልጃቸው ነው። ፊደል የለየ ሰሞን በሚስማር ጭሮት አባቱ ገርፈውት ነበር። አድጎ ተህሪብ የሚሉትን ሕገወጥ ስደት ወጣ፤ በሱዳን አድርጎ፣ ከሊቢያ ባሕር ሊሻገር። ከሊቢያ አንዴ ደወለ፣ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። አሁን ዋርሳሜ ማለዳ ማለዳ መኪናዋን ከማስነሳታቸው በፊት አውራ ጣታቸውን በፊደሎቹ ላይ ያሳልፋሉ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሙላቱም ያውቃል፤ ያቺን ቦታ ሲያጥብ እጁን ቀስ ያደርግ ነበር።

«ኤዶ፣ አዴር ምን ይሉኛል?»

«እሱ እዚህ ሲቆም ሻዩ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ አያናግረኝም» አሉ። «ልጅ ከሞተ ይቀበራል፤ ካለ ይደውላል። ይሄ ሁለቱንም አይደለም። ግቢዬ ውስጥ ቆሞ ያየኛል፤ እኔ አልቻልኩም።» ይህን ሲሉ ዓይናቸው ደረቅ ነበር፤ ሙላቱን ይበልጥ ያስፈራውም እሱ ነው።

አንድ ቃል ትበቃው ነበር፤ አይለቅም ማለት። ጀማሪን ማን ይከራከረዋል? እሱ ግን እሺ አለ።

ከኮፈኑ ጀመረ። ሰሙን እንደ ቂጣ ቅቤ ደፍድፎበት ነጭ ሆኖ ደረቀ፣ እሱን ለማስለቀቅ ትከሻው እስኪዝል አሸ። ንፋሱ አቧራ ሲያመጣበት እንደገና አጠበ። በመጨረሻ ግን ኮፈኑ ላይ የራሱን ፊት አየና ልቡ ሞቀ። ወደ በሩ የዞረው በዚያ ሙቀት ነው። ደቃቁን የብርጭቆ ወረቀት ውሃ ውስጥ ነክሮ ፊደሎቹን በስሱ ፋቀ፣ ከዚያ በፓስታ አሸ። የመጀመሪያው ፊደል ደበዘዘ። እዚህ ላይ ማቆም ይችል ነበር። ሙላቱ ግን ስለ ዐምራን ማሰብ ትቷል፤ ስለ ዩኒስም፣ ስለ አባቱም እንደዚያው። የሚያየው ጭረት ብቻ ነው፤ የሚያስበውም እጄ ይችል ይሆን? ብሎ ብቻ ነው። ቻለ። ሰሙን ቀብቶ ሲወለውለው በሩ ጥርት አለ፣ አንድም ነገር እንዳልነበረበት። ዩኒስ ትዝ ያለው ከዚያ በኋላ ነው።

ዋርሳሜ በማግስቱ ማለዳ መጡ። ሙላቱ ጎማዎቹን ሊያጠናቅቅ እዚያው ነበር። ሽማግሌው የመኪናዋን ማማር አላዩትም። አውራ ጣታቸው እንደ ልማዷ ሄደች፣ የምትይዘው አጥታ ተንሸራተተች። ጎንበስ ብለው አዩ። ሌላኛውን በር ዞረው አይተው ተመለሱ።

«የት አለ?»

ዐምራን በማድ ቤቱ በር ላይ ቆመዋል። ሙላቱ ወደሳቸው ላለማየት አንገቱን ደፋ።

«አዴር፣ ይቅር ይበሉኝ። ጀማሪ ነኝ፤ ጭረት መስሎኝ ነው።»

ዋርሳሜ አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለው ነበር።

«ጅጅጋ ሙሉ መኪና እያለ» አሉ፣ «መማሪያ ያጣኸው ልጄ ላይ ነው?» ቁልፋቸውን አውጥተው በእጁ አስያዙት። «መልሰው።»

ሙላቱ በሩ ፊት ተንበረከከ። የቁልፉን ጫፍ አስጠጋ። ከየት ነበር የሚጀምረው? «ዩ» ትልቅ ነበረች ወይስ ትንሽ? ግማሽ ቀን ሙሉ አፍንጫው ሥር የነበረውን ነገር አያስታውሰውም። ቢጽፈው የሚወጣው የራሱ የሙላቱ እጅ ነው። አፈረ፤ በዕድሜው እንደዚያ አፍሮ አያውቅም።

ያኔ ዐምራን መጡ። ቁልፉን ከእጁ ወሰዱ። ዐምራን ማንበብ አይችሉም፤ ፊደል ቆጥረው አያውቁም። ግን በሚያብረቀርቀው ቀለም ላይ፣ ከእጀታው ሥር፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያመነቱ ጫሩ። የመጀመሪያዋ ወደ ግራ ዘመም ብላለች፣ መሐለኛዋ ከሁለቱ ታንሳለች፣ የመጨረሻዋ አንዷ እግር ረዝማ ወደ ታች ወርዳለች። ዋርሳሜ መጀመሪያ በሩን አዩ፣ ቀጥሎ ሚስታቸውን አዩ። ራሳቸው መጥተው ሲመልሱት፣ ማን እንዳስጠፋው ያኔ ገባቸው።

አውራ ጣታቸውን በቀስታ አሳለፉበት።

«የሱ አይደለም» አሉ።

«አውቃለሁ» አሉ ዐምራን፣ ቁልፉን እንደያዙ።