ጥሩምባውን ከእጄ የወሰዱበት ምክንያት

በደሌን የሚጽፍልኝ ስላጣሁ ራሴው ልጽፈው ተነሳሁ። አንድ ሙሉ ክረምት ካዛንቺስን በዝናብ እየዞርኩ የእድራችንን ጥሩምባ ነፋሁ፤ መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ ከእጄ ወስደው ለወንድ ሰጡት። ለምን ብዬ ስጠይቅ ምክንያት አጡ ማለቴ አይደለም። በጠየቅኩ ቁጥር አዲስ ምክንያት ነበራቸው።

ነገሩን ያመጣችው የልጅ ልጄ ናት። ሰፈራችን ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ነበረች። መሥሪያ ቤቷ ስልጠና ልኳት ስትመለስ ሌላ ሰው ሆና መጣች። ሰውን የሚያስረጀው እንቢ ማለት ነው ብለው አስተምረዋታል። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ እንቢ ማለት ነውር ሆነ።

«እማዬ፣ በቃ አዲስ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ እሺ በይ፤ ከዚያ ትለምጂዋለሽ» ትለኛለች።

ፒዛ ብዪ አለችኝ፣ በላሁ። ወጥ የተደፋበት ቂጣ ነው፤ አይከፋም። ሊፍት ላይ ውጪ አለችኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ወጣሁ።

በዚያው ሰሞን የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ታመመ። ሰው ሲሞት ማለዳ በየመንደሩ እየዞረ ጥሩምባ የሚነፋ፣ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት የሚለፍፍ እሱ ነበር። ክረምቱ ሊገባ ነው። ሊቀመንበሩ በስብሰባ ላይ «እስኪሻለው ማን ይተካው?» ብሎ ጠየቀ። አንዱ ወገቡን ያዘ፣ አንዱ ሳል ጀመረው፣ የቀሩት ጫማቸውን ያዩ ጀመር።

«እሺ፣ እኔ እነፋለሁ» አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ።

«እትዬ፣ እናንተ ሴቶቹ እኮ ድንኳን ውስጥ ሥራ አላችሁ» አለኝ ሊቀመንበሩ።

«ድንኳኑ እስኪተከል ሥራ ፈት ነኝ።»

«ወጉስ?»

«ወጉ ከታመመው ሰውዬ ጋር ተኝቷል። ሌላ እሺ የሚል ካለ ይነሳ።»

የተነሳ የለም። ጥሩምባውን ይዤ ቤቴ ስገባ የልጅ ልጄ ጭንቅላቷን ያዘች።

«እማዬ! ማለቴ እኮ እንደዚህ አይደለም። ማለቴ ዋና ምናምን፣ ጉዞ ምናምን ነው ያልኩሽ!»

«አዲስ ነገር ነው ወይስ አይደለም?»

«ነው፣ ግን...»

«ግን ካለበትማ እሺ አይደለም።»

«የሥራ ጓደኞቼ አያትሽ ምን ትሠራለች ሲሉኝ ሞት ትለፍፋለች ልበል?»

«እኔ እቀበላለሁ፣ እሷ ትሸኛለች በያቸው።»

ጥሩምባ መንፋት ቀላል የሚመስለው ነፍቶ ለማያውቅ ሰው ነው። ጓሮ ቆሜ መጀመሪያ የነፋሁት የታመመ ጥጃ ድምፅ ነበር። ደግሜ ስነፋ ግን ሰፈሩን አናወጠው። ጎረቤቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ «ማን ነው? ማን ነው የሞተብን?» እያለች ወጣች። ከማዶ ያለው ባለሱቅ መዝጊያውን መግጠም ጀመረ። ማንም አልሞተም፣ እየተለማመድኩ ነው ብላቸው «የሞት ልምምድ አለ እንዴ?» ብለው ተቆጡኝ። በማግስቱ ቄራ እህቴ ቤት ይዤው ሄድኩ፤ በሬ በሚያገሳበት ሰፈር ማን ይሰማኛል ብዬ። ለካ ቄራም እድር አለው። የእህቴ ግቢ በለቀስተኛ ሞላ። አንዷማ ደረቷን እየመታች ነበር የገባችው፤ የሞተ የለም ስትባል ያስለቀሳትን ሰው በዓይኗ ትፈልግ ጀመር። እህቴ «ሁለተኛ እንዳትመጪብኝ» ብላ ሸኘችኝ። ከዚያ በኋላ የጥሩምባውን አፍ በፎጣ ወትፌ ቤቴ ውስጥ ለመድኩት።

ሥራውን ስይዘው ከዚያ በፊት ልብ ያላልኩት ነገር ተገለጠልኝ። ባለ ትልቅ ግቢ ሲሞት ጥሩምባው እስከ አስፋልቱ ድረስ ይነፋ ነበር፤ ደሃ ሲሞት መታጠፊያው ላይ አንዴ ጡጥ ይልና በዚያው ያበቃል። እኔ ለሁሉም እኩል እነፋለሁ አልኩ። ብቻዋን የኖረች አንዲት ልብስ አጣቢ ሞተች። ዝናቡ ይወርዳል። በየበሩ እየቆምኩ፣ እያንኳኳሁ፣ «ቀብሩ ዛሬ ስድስት ሰዓት ነው፣ ሰምተሃል?» እላለሁ። ከብርድ ልብስ ውስጥ «ሰምቻለሁ እትዬ፣ ሰምቻለሁ!» እስኪሉኝ አልሄድም። በስድስት ሰዓት የሰፈሩ ወንድ በሙሉ ጃንጥላ ይዞ ተሰልፏል። «የማን ዘመድ ብትሆን ነው ይህ ሁሉ ሰው?» ሲባባሉ ሰማሁ።

ማለዳ ስነሳ የምፈለግበት ቦታ ነበረኝ፤ ባሌ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር አላገኘሁም። ጥሩምባው የእኔ ሆኖ እንዲቀር ፈለግሁ። የታመመው ሰውዬ እንዳይድን አልተመኘሁም፤ ቀስ ብሎ እንዲድን ግን ጸልያለሁ።

በመስከረም እሱ ዳነ፤ ሥራው ግን በቃኝ አለ። እንግዲህ የእኔ ነው ብዬ ስብሰባ ሄድኩ። ያ ክረምት ሲገባ ወገቡን የያዘው ሰውዬ ወገቡ ተሽሎት አገኘሁት። ጥሩምባው ለእሱ ተሰጠ።

«ለእርስዎ አዝነን ነው፣ ብርዱ ይጎዳዎታል» አለ ሊቀመንበሩ።

«በመስከረም?»

«ደግሞም ወጉ የወንድ ነው።»

«ክረምቱን ወጉ የት ከረመ?»

«ድምፁም ሩቅ አይደርስም እየተባለ...»

ጥሩምባውን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ እዚያው ነፋሁት። የመንደሩ ሰው በር ላይ ተሰበሰበ፤ ማን እንደሞተ ይጠይቃል። ሊቀመንበሩ ወጥቶ «ማንም አልሞተም፣ ስብሰባ ላይ ነን» እያለ መለሳቸው።

በድምፅ ብልጫ ይሁን ተባለ። ሴቶቹ እጃቸውን አወጡ። የባለትዳር ሴት እጅ አይቆጠርም፣ አባሉ ባሏ ነው ተባለ። እኔ ድምፅ የነበረኝ ባሌ ስለሞተ ነው። አንድ እጅ ሆኜ ተሸነፍኩ።

ከዚያ ወዲያ ሊቀመንበሩን በለቅሶም በሠርግም ሳገኘው እጠይቀዋለሁ። አንዴ ዕድሜዎ አለኝ፣ አንዴ ኮሚቴው አለኝ፣ አንዴ ሙሽሮቹ ገቡ ብሎ ተነሳ። የልጅ ልጄ «እማዬ፣ በቃ ተይው» ትለኝ ነበር። እሺ አላልኳትም።

ዓመታት አለፉ፤ ሰፈሩም ፈረሰ፣ ሰዉም ተበተነ። ሊቀመንበሩ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ገባ። አንድ ቀን ከካዛንቺስ ታክሲ ስገባ መስኮቱ ጥግ ተቀምጦ አገኘሁት። አጠገቡ ሄጄ መውጫውን ዘጋሁበት።

«ዛሬ ትነግረኛለህ» አልኩት።

«ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ።

«ወራጅ የለም፣ ንዳው!» አልኩ እኔ። ተሳፋሪው ሳቀ፤ ሾፌሩም ነዳው።

ሊቀመንበሩ ባርኔጣውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«እትዬ፣ እንግዲህ እድሩም ፈርሷል፣ እውነቱን ልንገርዎት። ወንዱ ሲነፋ ሰው አልጋው ውስጥ ሆኖ ይሰማና ‹አልሰማሁም› ብሎ መቅረት ይችላል፤ እኔም ራሴ ብዙ ጊዜ ቀርቻለሁ። እርስዎ ግን ሰምቻለሁ ካላስባሉን ከበር አይሄዱም። ማን ይምረጥዎት?»