የአጎቴ መቋሚያና የሚያላዝነው ፓምፕ

አጎቴ ባሕር ዳር ውስጥ የታወቁ መካኒክ ነበሩ። የታመመ መኪና ሲመጣላቸው የቤተ ክርስቲያን መቋሚያቸውን አንዱን ጫፍ ከብረቱ፣ ሌላውን ከጆሯቸው አስጠግተው ያዳምጡ ነበር። "ቀድመሽ ስሚ፣ ኋላ ፍቺ" ይሉኝ ነበር። ከቤተሰቡ ሁሉ ሙያ ያስተማሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ታናሽ ወንድሜ የመኪናውን አሠራር ለውድድር ብሎ ካስለወጠው ወዲህ የነዳጅ ፓምፑ ያላዝን ጀመር። ሁለት ፓምፕ ቀይሮ ሦስተኛ ሊገዛ ሲል፣ አጎቴ መቋሚያውን ለእኔ ሰጡኝ።

"እታለም፣ ነዳጅ ወጥ መሰለሽ እንዴ?" አለ ወንድሜ። ጓደኞቹ ሳቁብኝ። አልረሳሁትም።

አዳመጥሁ። በይፋግ ሜዳ የሩዝ ማሳ የሚያጠጣ ፓምፕ ከውኃው በላይ ርቆ ሲተከል እንዲሁ ሲጮኽ ሰምቻለሁ።

"ፓምፑ ጤነኛ ነው። ከነዳጅ ታንከሩ በላይ ስለሰቀልኸው ሽቅብ መሳብ አቅቶት ነው። ዝቅ አድርገው" አልሁት።

አወረደው፤ ጩኸቱ ጠፋ። አጎቴ እስኪያስላቸው ስቀው፣ "በሉ ቅመሱ፣ ወጡ በስሏል!" አሉ።

ካረፉ ወዲህ ከጋራዡ በር ጥግ የመቋሚያቸው ቦታ ባዶ ነው። መቋሚያው እኔ ዘንድ ነው። ትናንት ወንድሜ ደወለ።

"እታለም፣ መኪናዬ ደግሞ ይጮኻል። ስሚልኝ።"

"እመጣለሁ" አልሁት፤ "ጓደኞችህንም ጥራቸው።"