ያለ አጎቴ ብየዳ ቤት ስንሄድ

ነፍሳቸውን ይማረውና አጎቴ፣ ትምህርት የጨረሰ ልጅ «ምን ሥራ ልያዝ?» ብሎ ሲመጣ ምክር አይሰጡም ነበር። በጋሪ ዳንግላ ይወስዱትና ልብስ ሰፊው ወይም በያጁ ዘንድ «ዝም ብለህ ዋልና እይ» ብለው ያስቀምጡታል። ማታ ሲመልሱት የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «ነገ ሳልቀሰቅስህ ትሄዳለህ?»

ዘንድሮ ልጄ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አልመጣላትም። «እማ፣ ብየዳ ልማር» ስትለኝ ደነገጥሁ። እሳቱ ዓይኗን ቢያጠፋብኝስ? እሳቸው ቢኖሩ «አንቺ ፈሪ፣ ልቀቂያት እንጂ!» ብለው ይስቁብኝ ነበር።

ዛሬ ራሴ ወሰድኋት። የብየዳ ቤቱን ባለቤት «እባክህ፣ ትዋል» ብቻ አልሁት። እሷ ዞራ እንኳ ሳታየኝ ገባች። እኔ መንገድ ዳር ቆሜ ቀረሁ፤ «አጎቴ፣ ፈራሁ» ብል የሚስቅብኝም የለ።